ከፋይ የለበሰው ኮምፒውተር

ወልደኪዳን ትንሽ ኮራ ይላል የሚሉ ሰዎች ሆሳዕና ውስጥ አሉ። ይዋሻሉ፤ ትንሽ አይደለም። ሰውየው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ሱቁ እስኪደርስ ባጃጅ የማይሳፈረው ሰስቶ አይደለም። በእግሩ ሲሄድ የአላፊ አግዳሚውን ደረት ማየት ስለሚወድ ነው። የተማሪዎቹ ኪስ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ዓርማ የሱ ጥልፍ ነው። የኳስ ቡድኑ ማልያ ላይ ያለውም የሱ ነው። እሁድ እሁድ ከየቸርቹ የሚወጡት መዘምራን ደረት ላይ የሚያበራውም የሱ ነው። እሱ ራሱ ማርያም አስቀዳሽ ነው፤ ግን የትኛው ኳየር በምን ቀለም እንደሚዘምር ከመጋቢዎቹ እኩል ያውቃል። ዋቸሞን ያለበስኳት እኔ ነኝ ይላል፣ ከተማዋን በድሮ ስሟ እየጠራ። ሚስቱ አስካለች ደግሞ ይህን በሰማች ቁጥር፣ አንተ እስክትመጣ ራቁቷን ነበር የምትሄደው ወይ ብላ ትጠይቀዋለች።

የዚህ ሁሉ ኩራት ምንጭ አንድ የጥልፍ ማሽን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ በእግር በሚረገጥ ማሽን ሲጠልፍ፣ ወልደኪዳን አዲስ አበባ ወርዶ ከተዘጋ ፋብሪካ የወጣ ማሽን ገዝቶ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። የማሽኑ አዛዥ አጠገቡ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ረጅም ካርድ አለ፤ ለመርፌው እዚህ ውጋ፣ እዚያ ዝለል የሚለው ትእዛዝ የሚያልፈው በዚያ ካርድ ነው። ካርዱ የሚሰካበት ረጅም ጥቁር ቦታ ደግሞ በዛሬ ዘመን ኮምፒውተሮች ላይ አይገኝም፤ ከቀረ ቆይቷል። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ የሞተ ዕለት፣ ያ ሁሉ ብረት ቆሞ የሚታይ ጌጥ ይሆናል ማለት ነው። ወልደኪዳን ይህን ያውቃል። የማያውቅ መስሎ ነው የኖረው።

ኩራቱን የሚነካካ ሰው የመጣው በቅርቡ ነው። ከመናኸሪያው ማዶ ፈትሁዲን የሚባል ነጋዴ ከውጭ አገር አዲስ የጥልፍ ማሽን አስመጥቶ ሱቅ ከፈተ። ወልደኪዳን ‘ያ ጎረምሳ’ ይለዋል፤ ጎረምሳው አርባውን አልፎ የልጆች አባት ነው። የፈትሁዲን ማሽን ፈጣን ነው ሲሉት ወልደኪዳን፣ ፍጥነት ለባጃጅ ነው፣ ጥልፍ ትዕግሥት ነው ብሎ ይመልሳል። ይህን ሲል ግን ዓይኑ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ይሄዳል።

ነገሩ የተበላሸው ለጊምቢቹ ምረቃ የሚሄደው ኳየር ልብስ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ጥልፍ ብቻ ሲቀረው ነው። ጊምቢቹ ላይ አዲስ ቸርች ሊመረቅ ነው፤ ከየወረዳው የሚመጣ ሕዝብ አለ። የኳየሩ መሪ አጵሎስ በእያንዳንዱ ልብስ ደረት ላይ መብራት እንዲጠለፍ፣ መብራቱንም የእንሰት ቅጠል እንዲያቅፈው አዟል። ወልደኪዳን ለዚያ ቅጠል ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ክር መርጦ፣ በየመንገዱ እየቆመ እውነተኛ እንሰት ሲያይ ሰንብቷል። ጥቂቶቹ ተጠልፈው አልቀዋል። ሌሎቹን ሊቀጥል ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተሩን ቁልፍ ቢጫን ማራገቢያው ፉር ይላል፣ መብራቷ ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ነቅሎ ሰካው። በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ለመነው። ቀጥሎም ሰደበውና ወዲያው ጸጸተው። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ከፈተ፤ ጎረቤት ሁሉ የማሽኑን ታክታክታ ለምዷል፣ ዝም ማለቱን ማንም እንዳይሰማበት ነው። ሰውየው እንዲህ ነው። ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያስበው ጭሱን ማን አየው የሚለውን ነው።

ሰው ግን አየ። አጵሎስ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ የቆመውን ማሽንና የተከመረውን ልብስ አይቶ ሁሉን ተረዳ። ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ጋሼ፣ ሸክም እንዳንሆንብዎት የቀረውን ፈትሁዲን ጋ ብንወስደው ምን ይመስልዎታል አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወልደኪዳንን እንደዚህ ጨዋነት የወጋው ነገር የለም። ግማሹ ኳየር በሱ ክር፣ ግማሹ በፈትሁዲን ክር ሆኖ ጊምቢቹ መድረክ ላይ ሲቆም ታየው። ያን ቀን ሕዝቡ የሚያወራው ስለ መዝሙሩ አይሆንም። የወልደኪዳን ፀሐይ ጠለቀች ይላሉ። እስከ ዓርብ ያልቃል፣ ዓርብ መጥተህ ውሰድ አለው፤ በምን እንደሚያልቅ ግን እሱም አያውቅም ነበር።

አስካለች ባሏን አላማከረችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጥታ ሮዳስን ይዛ መጣች። ሮዳስ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ በዞኑ ቢሮዎች አካባቢ አነስተኛ የጥገና ቤት ከፍታለች። የዚያው ኳየር ዘማሪም ናት፤ ከተከመሩት ልብሶች አንዱ የሷ ነው። ወልደኪዳን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን የሰፋላት ልጅ ስለሆነች፣ ስትገባ ያያት ያን ጊዜ እንደነበረችው ነው። መበየጃውንና የእጅ ባትሪውን ከቦርሳዋ ስታወጣ ካየ በኋላ ነው ትልቅ ሰው መሆኗ የገባው። ኮምፒውተሩን ሊያስነካት አልፈለገም ነበር። አስካለች፣ በጥፊ ከምትመታው ትንካው ስትለው ወንበሩን ለቀቀላት።

ሮዳስ የሳጥኑን ጎን ፈታች። ከውስጥ የወጣው የክር ብናኝ ትራስ ይሞላል ብንል ብዙም አልዋሸንም። በብሩሽ ጠረገችው። ሜሞሪውን አውጥታ እግሮቹን በተማሪ ላጲስ ፈተገች፣ መልሳ ሰካች፣ ሞከረች፤ ጥቁር። ክብ ባትሪውን ቀየረች፤ ጥቁር። ከዚያ የእጅ ባትሪዋን አብርታ ማዘርቦርዱ ላይ አጎነበሰች፣ ጣቷንም በአንድ ቦታ ላይ አቆመች። በማራገቢያው ዙሪያ ተደርድረው የቆሙ ትናንሽ ቆርቆሮዎች ነበሩ። ካፓሲተር ይባላሉ አለችው፤ መብራቱን አጠራቅመው፣ አስተካክለው ለቦርዱ የሚያጎርሱት እነሱ ናቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት። የነዚህ ግን ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቷል። አንዱማ ፈንድቶ ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል።

ወልደኪዳን የታመመ ዘመድ እንዳለው ሰው ፊቷን እያየ ይድናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይድናል አለች። ቦርዱ ራሱ ደህና ነው፣ ምግቡ ነው የተቋረጠበት አለች። ወልደኪዳን በዚያች ሰዓት ልጅቱን ወደዳት።

ያን ዓይነት ካፓሲተር ሆሳዕና ውስጥ የሚሸጥ አልተገኘም። ሮዳስ ሾኔ ከተማ ያለ አንድ የምታውቀው ጠጋኝ ጋ ደወለች። ሰውየው ጓዳው ውስጥ የተጣለ ማዘርቦርድ አለ አለና በጋዜጣ ጠቅልሎ ለሚኒባስ ረዳት ሰጠላት። በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ የሚኒባስ ረዳት የማያደርሰው ነገር የለም፣ መድኃኒትም፣ ዶሮም፣ የኮምፒውተር አንጀትም ያደርሳል። ወልደኪዳን መናኸሪያው ድረስ ሄዶ ጥቅሉን ራሱ ተቀበለ። በፈትሁዲን ሱቅ በኩል ሲያልፍ ጥቅሉን ኮቱ ስር ሸሸገው፤ የሞተ ማዘርቦርድ ከውጭ ታይቶ እንደማይታወቅ ማን በነገረው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ከሾኔ የመጣው ቦርድ ጤነኞቹን ካፓሲተሮች በቀላሉ አልሰጥም አለ፤ ብየዳውን አቅልጣ በቀስታ እያነቃነቀች አንድ በአንድ መንቀል ነበረባት። ከዚያ የታመሙትን ነቅላ፣ ቀዳዳቸውን በመርፌ ጠርጋ፣ የመደመርና የመቀነስ እግራቸውን ለይታ መልሳ መትከል ነበረባት። መርፌውን የሰጣት ወልደኪዳን ነው፣ ከራሱ መርፌዎች ቀጭኗን መርጦ። መብራት ያዘላት። ጭሱ ዓይኑን እያቃጠለው፣ ልጅቱ ትንፋሿን ውጣ የመበየጃውን ጫፍ ስታሳርፍ አየ። የእጅ ነገር እሱ ያውቃል። ይህ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ አይቸኩልም፣ የነካውን ሁለቴ አይነካም። እኔ ካለበስኳቸው ልጆች እንዲህ ያለች ወጣች እንዴ አለ በልቡ፤ ደረቱም ሞላ።

ስትሠራ ነው እንደ ዘበት መቼ ጀመረው ብላ የጠየቀችው። ወልደኪዳን ደስ ብሎት መለሰ። ከያሆዴ በዓል ወዲህ አልፎ አልፎ ደርቆ ይቀር ነበር አላት፤ ልብስ የሰፋሁለት ሰሞን ነው። የምን ልብስ አለች። ተነስቶ ሰኞ አውልቆ ካኖረበት መደርደሪያ ላይ አወረደና ዘረጋላት።

ሰው ቴሌቪዥኑን ዳንቴል ያለብሳል፤ ወልደኪዳን በዳንቴል የሚበቃው ሰው አይደለም። በያሆዴ ትልቁም ትንሹም አዲስ ሲለብስ፣ እንጀራዬን የጋገረልኝ ኮምፒውተር አሮጌ ለብሶ አይውልም ብሎ ካባ ሰፋለት። ጥቁር ከፋይ ነው፤ ጠርዙ በወርቃማ ክር ተጠልፏል፤ ገበሩ ድርብ ነው። በሳጥኑ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ፊት ለፊት ለቁልፏ ብቻ በር አለው፣ ከኋላ ለገመዶቹ ብቻ ጠባብ ስንጥቅ አለው። ማራገቢያው አየር የሚስብበትና የሚተፋበት ቦታ በሙሉ በከፋይ ተደፍኗል። ለብሶ ነው የሚሠራው ወይ አለች ሮዳስ። ታዲያስ አለ ወልደኪዳን፣ ደንበኛ ፊት ራቁቱን ይሥራ ወይ?

ሮዳስ ሁሉም ነገር ገባት። ገብቷት ግን ዝም አለች። ይህን ሰው፣ ፀጉሩ የሸበተውን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እጁን የሳመችውን ሰው፣ ሚስቱ ፊት አንተ ነህ የገደልከው ማለት አልቻለችም። ሙቀት ነው የጎዳው፣ ትንሽ አየር ያግኝ አለች፣ ዓይኗን ከመበየጃው ሳታነሳ። ወልደኪዳን የቆርቆሮ ጣሪያውን ረገመና መስኮቱን ከፈተ። ሆሳዕና በብርድ የምትታወቅ ከተማ መሆኗ ትዝ ያለው ሰው በቤቱ አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሮዳስ ዝምታ ግን ሳይውል ሳያድር ነቀዘ።

መጀመሪያ ግን ደስታው ነበር። ሳጥኑ ክፍት እንደሆነ ቁልፏን ተጫነች፤ ኮምፒውተሩ አንዴ ጢጥ አለ፣ ነጫጭ ፊደሎች በጥቁሩ ስክሪን ላይ ወረዱ። ቀጥሎ ያ የሚያውቀው ሰማያዊ ገጽ መጣ፣ በላዩም የእንሰት ቅጠሉ። መርፌው ወርዶ መጀመሪያዋን ስፌት ሲወጋ ወልደኪዳን አለቀሰ፤ የሬዲዮውን ድምፅ ለመቀነስ የዞረ መስሎ ዞር ብሎ ነው ያለቀሰው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ታክታክታው መንገድ ላይ ወጣ። ያን ቀን ሙሉ ሰላም ያላለው አላፊ የለም።

በማግስቱ ረፋዱን ሁሉ ሠራ። ምሳ ሊበላ ሲነሳ ኮምፒውተሩን ራቁቱን ትቶት ለመውጣት አንጀቱ አልቻለም። ከሞት የተነሳ ነገር እንዲህ ይተዋል ወይ? ካባውን አልብሶ፣ የኋላውን ክር አስሮ፣ ማሽኑን እየሠራ ትቶት ወጣ። ሲመለስ ታክታክታው የለም። መርፌው በአንድ ልብስ ደረት ላይ፣ በመብራቱ መሐል፣ እንደተወጋ ቆሟል። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ሮዳስ እየሮጠች መጣች። ካባውን ለብሶ ስታየው ከበሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ገብታ እጇን በከፋዩ ስር ሰደደችና ወዲያው መለሰችው፤ ፈጅቷታል። አብራው ከቤት የመጣችው አስካለች ታያለች። ወልደኪዳን ደግሞ ከሾኔ የመጣውን ዕቃ ይወቅሳል፤ አሮጌ ካፓሲተር ልከውብሽ ነው፣ ሾኔ ሁልጊዜ እንዲህ ናት ይላል።

“ጋሼ፣” አለች ሮዳስ፣ “የሾኔው ዕቃ ምንም አላደረገም። ትናንት ልነግርዎት ነበር፣ አፍሬ ነው።”

“ምኑን?”

“የገደለው ልብሱ ነው። የሚተነፍስበትን ሁሉ ደፍኖታል። በፊትም የገደለው እሱ ነው፣ ዛሬም እሱ ነው።”

ወልደኪዳን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ስንት ዘመን ክር ይዤ የኖርኩ ሰው፣ ልብስ ገደለ ትይኛለሽ ወይ አላት። ልብስ ሰው ያሞቃል፣ ልብስ ሰው ያስከብራል፣ ልብስ የገደለው ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ሬዲዮ ሳያስፈልግ ጎረቤት ሰማ። ሮዳስ አልወጣችም። የካባውን ክር ፈትታ አወለቀችውና ገበሩን ገልብጣ አሳየችው። ማራገቢያው በሚተፋበት ቦታ ድርቡ ጨርቅ ጠይሞ፣ በካውያ እንደ ተቃጠለ ሸሚዝ ክብ ሠርቷል። የካውያ ቃጠሎ የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ወልደኪዳን ጣቱን በክቡ ላይ አዞረ።

አስካለች፣ ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። አጭር ንግግር የምትወድ ሴት ናት።

ሮዳስ ቁጭ ብላ መበየጃዋን ሰካች። ከካፓሲተሮቹ አንዱ ትንሽ ተነፍቷል፤ ከሾኔው ቦርድ የተረፈ ሌላ ነበራትና ለመቀየር ጀመረች። ወልደኪዳን መብራቱን አንስቶ ያዘላት።

“ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?” አላት፣ ቁጣው ወጥቶለት።

“እርስዎን እንዴት ብዬ።”

“ልጅ ሆነሽ ዩኒፎርም ስሰፋልሽ እጅጌው ቢያጥርሽ ኖሮ አትነግሪኝም ነበር?”

ሮዳስ መበየጃውን አሳርፋ ቀና አለች። “አጥሮኝ ነበር፣ ጋሼ። ሦስተኛ ክፍል። እርስዎ እንዳይከፋዎት ዓመቱን ሙሉ ወደ ታች እየጎተትኩ ለበስኩት።”

ወልደኪዳን ይህን ሲሰማ የሳቀውም ያዘነውም አንድ ላይ ነው። የዚያች ልጅ እጅጌ አጭር መሆኑን እሱ በየቀኑ እያለፈች አላየም፤ ደረቷ ላይ ያለውን ዓርማ ነበር የሚያየው። ከተማው ሙሉ ስንት አጭር እጅጌ እየጎተተ እንዳለፈ እግዜር ይወቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራቱን ከውጭ በኩል አየው፣ አላማረውም።

ማዘርቦርዱ ተነሳ። አሁን ራቁቱን ነው የሚሠራው፤ ጎኑ ክፍት ሆኖ፣ በሩ አጠገብ አየር በሚያገኝበት ቦታ ተቀምጦ። ወልደኪዳን ምሳውን እዚያው ቆሞ ይበላል፣ አንድ እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ሙቀቱን እየለካ፣ እንደ እናት ግንባር። መርፌው ቆሞበት የነበረውን ልብስ ስፌቱን ፈትቶ በእጁ አስተካከለው፤ የቱ እንደሆነ አሁን ራሱም ለይቶ አያውቀውም። ዓርብ አጵሎስ ሲመጣ ልብሱ ሁሉ ተተኩሶ ተንጠልጥሎ ጠበቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘማሪዎቹ ልብሱን ሊለኩ ሱቁ በር ላይ ተሰበሰቡ። ለብሰው በተርታ ሲቆሙ መንገደኛው ቆመ፣ ባጃጁ ቆመ። አንዷ ጀመረችና ሌሎቹ ተቀበሏት፣ በሃዲይኛ ዘመሩ። የእንሰቱ ቅጠል በእያንዳንዱ ደረት ላይ ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሮዳስ ከመሐላቸው ናት። ወልደኪዳን በሩ ላይ ቆሞ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር የሚገባው ኩራት ነበር።

ኩራቱ መሐል ግን አንዲት እሾህ አለች፤ ከትናንት በስቲያ የተቃጠለውን ገበር ካየባት ደቂቃ ጀምሮ ተሰክታበታለች። ፈትሁዲን ሱቁን የከፈተ ዕለት ወልደኪዳን ባዶ እጁን አልሄደም። ሰው ሱቅ ሲከፍት ታላቅ የሆነ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አረንጓዴ ከፋይ በድርብ ገበር ሰፍቶ፣ ለአዲሱ ማሽን ራስ፣ መቆጣጠሪያው ላለበት ሳጥን ካባ ይዞ ሄደ። እንግዶቹ ሁሉ እያዩ በእጁ አለበሰው። ስጦታ ነው፣ እውነት ነው። ትንሽ ደግሞ፣ የአንተንም ማሽን የማለብሰው እኔ ነኝ ማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር አረንጓዴው ካባ በቦታው መኖሩን በመስታወቱ አሻግሮ ያያል፣ ደስም ይለዋል።

ዝም ቢል ማን ያውቃል? ዝም ቢል ያ ፈጣን ማሽን አንድ ቀን ይደርቃል። ሰዉም የአሁን ዘመን ዕቃ እንዲህ ነው፣ የወልደኪዳንን አሮጌ እዩት፣ እስከ ዛሬ ይሠራል ይላል። ይህን ሐሳብ ወልደኪዳን ገፍትሮ አላባረረውም። ከሱቁ እስከ መናኸሪያው ድረስ አብሮት ሄደ፣ ጣፈጠውም። እግሩ ግን ወደ ፈትሁዲን ሱቅ ነበር የሚሄደው።

ለብቻው ሊያገኘው ነበር የፈለገው፤ ሱቁ ግን በደንበኛ ተሞልቷል። ማሽኑ ቆሟል። ፈትሁዲን ለደንበኞቹ መብራት ዛሬም አስቸገረን እያለ ነው፤ በላዩ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ወልደኪዳንን ሲያይ ደንግጦ ወንበር ሳበ። ወልደኪዳን አልተቀመጠም። ቆይቼ ልመለስ ብሎ አሰበ፤ ከተመለሰ እንደማይመጣ ራሱን ያውቀዋል።

“ፈትሁዲን፣ የሰጠሁህን ልብስ ከማሽንህ ላይ አውልቅ፣” አለ፣ ሁሉም እየሰማ። “ተሳስቼ ነው የሰጠሁህ። እያፈነው ነው። የኔንም ኮምፒውተር የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ በሰፋሁት ከፋይ።”

ፈትሁዲን ደንበኞቹን አየ፣ አምፖሉን አየ፣ መሬት አየ።

“ከሰዓት ከሰዓት እየቆመብኝ ነበር፣ ጋሼ፣” አለ በመጨረሻ። “ሳጥኑ ሲፈጀኝ ልብሱ ይሆን እንዴ ብዬ ጠርጥሬያለሁ።”

“ጠርጥረህ ለምን አላወለቅከውም?”

“በየቀኑ በመስታወቱ ያዩታል። ባወልቀው የናቅኩዎት ይመስልዎታል ብዬ።”

ይህ ጎረምሳ፣ ወልደኪዳን ባላንጣዬ ብሎ ስንት ቀን በልቡ የተጣላው ሰው፣ የዋጋውን ውድነት እያወቀ ማሽኑን ለሞት ሰጥቶ የሱን ፊት ሲጠብቅ ከርሟል። እሱ ደግሞ በመስታወቱ የሚያየው ካባውን ብቻ ነበር። ወደ ማሽኑ ሄዶ ጎንበስ አለ። ክሩን ራሱ ነው ያሰረው፣ ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ለመፍታት ጊዜ ወሰደበት፣ ማንም ሊያግዘው አልደፈረም። ካባውን አውልቆ በክንዱ ላይ ጣለው። ሳጥኑ በረድ እስኪል ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ፈትሁዲን ቁልፉን ሲጫን ማሽኑ ተነሳና መጥለፍ ጀመረ፤ እውነትም ፈጣን ነው።

“ሁለተኛ ለኔ ብለህ ማሽን እንዳትገድል፣” አለው ወልደኪዳን። “ስሳሳት ንገረኝ።”

ከደንበኞቹ አንዷ፣ ይህን ማን ደረሰበት፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጥተው ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ወልደኪዳን ከበሩ ዞር አለ። ደረቱን እንደ ልማዱ ነፋ፤ ማንም በዚያች ደቂቃ ኮራህ ብሎ ሊወቅሰው አይችልም ነበር።

“ሮዳስ ትባላለች፣” አለ። “እዚሁ የእኛው ልጅ ናት። የሞተ ማዘርቦርድ አስነስታለች፤ እሱስ ይሁን። እኔን ወልደኪዳንን ፊት ለፊት ተሳስተዋል ብላኛለች።”